ለዓለማየሁ ለቅሶ የተቀመጥን ጊዜ

ባለፈው ወር ጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ በጓሮ በኩል ስገባ፣ አንዲት ልጅ ከሰል ለማቀጣጠል አሮጌ ደብተር እየቀደደች ምድጃ ውስጥ ትጨምራለች። ምድጃው ላይ የምስር ወጥ ተጥዷል። የወረቀቱ ጭስና የምስሩ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ ሳቄ መጣ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ሳቁ የመጣበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሴቶች ሟቹን አጥብቄ የምወድ መስሏቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አስቀመጡኝ። ሰውየውን በሕይወቱ ሰላም ብዬው እንኳ አላውቅም።

መጽሐፍ ማሳተም ከጀመርኩ ወዲህ "ልብ ወለድ መጻፍ ከማን ተማርሽ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንደጠያቂው እያየሁ እዋሻለሁ። እውነቱ ግን አሰብ ላይ፣ አምስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ አንድ የከሰል ጆንያ ውስጥ ነው የቀረው።

ክረምት የምለው የትምህርት ቤቱ ደንብ እንዲያ ስለሚለው ነው እንጂ፣ አሰብ ላይ ሐምሌ ማለት ምድጃ አፍ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ምንም አይቀረው። የመማሪያ መጽሐፋችን ግን "በክረምት ጭቃ ይበዛል፣ ወንዞች ይሞላሉ" ይላል። እዚያ ተወልደን ያደግን ልጆች ጭቃና ወንዝን ለፈተና ብቻ የሚያስፈልጉ ነገሮች አድርገን ነበር የምናጠናቸው። በዚያ ዓመት መጨረሻ መምህራችን "ክረምት" በሚል ርዕስ ድርሰት አስጽፈውን እኔ አንደኛ ወጣሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ ዝናብ አዘነብኩ።

እማዬ ድርሰቱን ይዛ ግቢውን ሁሉ አዳረሰች። በአንድ ረድፍ የተሠሩ ስድስት ቤቶች ነበሩ። የእኛ መጨረሻው ነው፤ ከእኛ ጎን ባለው ጋሽ ንጉሤ ብቻውን ይኖራል። ወደብ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ነው፤ አገሩ ወረኢሉ፤ ዕድሜው አርባ አምስት ግድም። ሽርጡን አገልድሞ፣ ከላይ ካናቴራ ለብሶ፣ በክር የታሰረ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይዞራል። ስለ ቤተሰቡ አውርቶ አያውቅም፤ ሰውም ደፍሮ አይጠይቀውም። ድርሰቴን ቆሞ አነበበና ጠራኝ።

"ትርሲት፣ ዝናብ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

"መጽሐፉ ላይ አለ።"

"በዝናቡ ውስጥ ማን ይሄዳል?"

"ማንም አይሄድም።"

"ለዚህ ነው የማይበርደው" አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። አንደኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ፤ በጣም ተናደድኩ። ዞር ብሎ ግን "የእጅ ጽሑፍሽ ግን ግሩም ነው" አለኝ፤ ንዴቴ በረደ።

በማግስቱ እማዬን አስፈቀዳት። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ደብዳቤና ጋዜጣ እንዳነብለት። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። አሰብ ላይ ሥራ በጠዋት ይጀመርና ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ነዳጅ ማጣሪያው ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ የሚተኛው በዚያው ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛ ነን።

ጋሽ ንጉሤ ቤት ስገባ የሚነበብ ደብዳቤም ጋዜጣም የለም። ያለው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር ውሃ የሞላ ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ የጋሽ ንጉሤ ሁለት እግሮች፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል የወረቀት ክምር ነው። ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበትና ሊጣል የነበረ የመጋዘን ቅጽ ነበር። ከፊቱ "የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የደረሰበት ጉዳት" ይላል፤ ከጀርባው የጋሽ ንጉሤ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉን ከራሱ በስተቀር ማንም ሊያነበው አይችልም። የእኔ ሥራ እሱ እያነበበልኝ በንጹህ ቅጽ ጀርባ ላይ አሳምሬ መገልበጥ ነበር።

"ለማንም እንዳትናገሪ። ማዪልኝ" አለኝ።

"እናቴ ትሙት።"

"እናትሽን ተያት። በጽሑፍሽ ማዪ።"

"ከተናገርኩ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ይሁን" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ መሐላ ምዬ አላውቅም።

ለምን እንደሚደብቅ ያኔ አልገባኝም ነበር። ጊዜው ሁለት ሰው ቆሞ ሲንሾካሾክ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው። በሩን ዘግቶ ለስድስት ዓመት የሚጽፍ ሰው "ለማን ነው የምትጽፈው?" መባሉ አይቀርም። ቢጠየቅ ደግሞ መልስ የለውም፤ ለማን እንደሚጽፍ ራሱም አያውቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው "ወንድሜ ዓለማየሁ ሹፌር ነው" ብሎ ነው። ዓለማየሁ ባለተሳቢ መኪና እየነዳ ከአሰብ ወደ መሀል አገር ይመላለሳል። ሚሌ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሙሉ የምትባል ልጅ ይወዳል። ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋላታል፤ እሷ ደግሞ የሰማች አትመስልም። ሦስት ቀን ገልብጬ ሳልጨርስ እኔም ወደድኩት።

ዓለማየሁ የእውነት የጋሽ ንጉሤ ወንድም መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም። እንዴት ልጠራጠር? ጋሽ ንጉሤ ራሱ ስገባ በብስጭት "ይኼ ዓለማየሁ ዛሬም እምቢ አለኝ። ሚሌ እንዲያድር ፈልጌ ነበር፤ አልፎ ሄደ" ይለኛል። መጋዘኑ ውስጥ ስልክ እንዳለ አውቃለሁ። ዓለማየሁ በየደረሰበት እየደወለ ይነግረዋል፣ ጋሽ ንጉሤም እንዳይረሳው ይጽፈዋል ብዬ ጉዳዩን ለራሴ ዘጋሁት።

እየገለበጥኩ ሳለ ትምህርት ይሰጠኛል። ቃላት ስጨምርበት ይቆጣል። አንዴ "ዓለማየሁ እጅግ በጣም አዘነ" የሚለውን አይቶ "እጅግ በጣም የሚለውን ማን ጠራው?" አለና ሰረዘው። ሌላ ቀን ደግሞ እግሩን ባልዲው ውስጥ እያንቦጫረቀ "ሰው የሚያምንሽ ትልቁን ነገር ስለነገርሽው አይደለም" አለኝ። "ትንሹን ንገሪው። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ምን እንደበላ ከነገርሽው ሞቱን ሳይጠይቅሽ ያምንልሻል።" ይህን ምክር እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። መጽሐፎቼ ውስጥ ሳይበላ የሞተ ሰው የለም።

አንድ ሐሙስ ዕለት እንዲህ የሚል ገጽ አነበበልኝ። ዓለማየሁ ሙሉን እሺ አሰኝቷል። ሊያገባት ወደ ሚሌ እየሄደ ነው። ኤሊዳር ላይ ቆሞ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላ፤ "ሎሚ ጨምሩልኝ" አለ። የዶቢን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ፍሬኑ እምቢ አለው። ሚሌ ላይ ሙሉ ጥሩምባ ስትጠብቅ ዋለች።

ብዕሬ ቆመ። ከዓይኔ የወረደው ጠብታ "ሎሚ" የሚለው ቃል ላይ አርፎ ቀለሙን አፈሰሰው። ጋሽ ንጉሤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ።

"ይኼ ላብ ነው እንባ?"

"እንባ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? ክፍሉ ሞቃት ነው እኮ።"

"እንባ ነው አልኩህ!"

ከባልዲው ውስጥ ዘሎ ወጣ። ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው። "እንባ ነው!" እያለ በእርጥብ እግሩ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረው። እኔ ደግሞ ወንድሙ ሞቶ የሚጨፍር ሰው አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"ጋሼ፣ አይሙት" አልኩት።

"እስቲ አስብበታለሁ" አለና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ ሊታጠብ ወጣ።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ ያዘችኝ። ምን ሆነሽ፣ ማን መታሽ? ብዙ ታገልኩ፤ በመጨረሻ "ዓለማየሁ ሞተ፤ ዶቢ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

"የቱ ዓለማየሁ?"

"የጋሽ ንጉሤ ወንድም።"

"ውይ በሞትኩት! በምን አወቅሽ?"

መሐላዬ ትዝ አለኝ። "ወረቀት ላይ አነበብኩ" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"ንጉሤስ ሰማ?"

ምን ልበል? ሰምቷል እንዳልል፣ በዚያችው ሰዓት ፉጨቱ በመስኮት ይገባል። ያውም የሠርግ ዜማ ነው። እኔ ራሴ ገና አልገባውም ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ እኛም ክፍል ውስጥ ምን እንደሚል ሳናውቅ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ጽሑፍ እንገለብጥ የለ? እማዬ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ፉጨቱን ሰማች፣ እኔን አየች፣ ሁሉም ነገር በራሷ መንገድ ገባት። ደብዳቤ መጥቷል፤ ልጅቱ ልታነብለት ከፍታ መርዶውን አይታለች፤ አይታም ዝም ብላለች።

"አላነበብሽለትማ! የኔ ብልህ! የኔ ጨዋ!" ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። "ትልቅ ሰውም እንዲህ አያስብም።"

እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። እንደዚያ ቀንም አፌ ተይዞ አያውቅም።

እማዬ ለእትዬ ዘሐራ ነገረቻት። እትዬ ዘሐራ ከግቢው መግቢያ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ የራሔይታ መንደር ልጅ፣ ሰፊ ልብና ሰፊ ድምፅ ያላት ሴትዮ። "ኢና ሊላህ!" ብላ ራሷን ይዛ፣ እሷም ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ታፈሰ ሄደች። አቶ ታፈሰ መርዶ በማርዳት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። አብዛኛው ሰው ዘመዶቹን አገር ቤት ትቶ የመጣ ስለሆነ እሳቸው ሥራ አይፈቱም። "ለእሁድ ንጋት ይሁን። እስከዚያ እንዳይሰማ፣ እንዳይከፋውም" ብለው ወሰኑ። ደብዳቤውን ልየው ያለ ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ ይላል?

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቀን ለጋሽ ንጉሤ የሲኦል ቀን ሆነ። አርብ ጠዋት እትዬ ዘሐራ የተጠበሰ ዓሣ በትሪ ላከችለት፤ ያለ ምክንያት። ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ "ዛሬ በእኔ ይሁን" አለው። ግቢው ውስጥ ቆመው የሚያወሩ ሴቶች እሱ ብቅ ሲል ጸጥ ይሉና መሬት መሬት ያያሉ። አባዬ እንኳ፣ ሰላምታ የሚከብደው አባዬ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት አለፈ። አቶ ታፈሰ ደግሞ መንገድ ላይ አግኝተውት "እሁድ ጠዋት ቤት ነህ አይደል?" ብለው ጠየቁት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስሄድ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ባልዲው ባዶ ነው።

"ትርሲት፣ ተጠቁሜአለሁ" አለኝ። "አውቀውብኛል።"

"ምኑን?"

"ይኼን ነዋ!" ክምሩን አሳየኝ። "ሰው ሁሉ ያውቃል። ያዝኑልኛል። የሚወሰድ ሰው ነው እንደዚህ የሚታዘንለት። እሁድ ጠዋት ይመጣሉ።"

እንደማይወስዱት አውቃለሁ። ለምን እንደሚመጡም አውቃለሁ። ግን እማዬ "መርዶ ከሰዓቱ በፊት ያወጣ ሰው ነፍስ አጠፋ ማለት ነው" ብላኛለች። ሁለት ምስጢር አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

"መጀመሪያ ባሕር ልጥለው ነበር" አለኝ። "እጄ እምቢ አለ። ደብቂልኝ። የእኔንም ያንቺንም ግልባጭ፣ ሁሉንም። ማንም እጁን የማይሰድበት ቦታ ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ። ቤታችን የሚበስለው በላምባ ምድጃ ነው፤ ነዳጅ በሚጣራበት ከተማ እየኖሩ ማን ከሰል ያቀጣጥላል? ከጓሮ ያለውን የከሰል ጆንያ እማዬ ለዓመት በዓል ካልሆነ አትነካውም። ዘመን መለወጫ ደግሞ ገና ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ስድስት ዓመት የተጻፈውን ወረቀት ተሸክሜ ጆንያው ውስጥ ከከሰሉ በላይ አስቀመጥኩና አፉን አሰርኩት። በራሴ ብልህነት ደግሜ ኮራሁ።

እሁድ ወገግ ሲል ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ አቶ ታፈሰ ከፊት። በሐምሌ ሰው ሁሉ ደጅ አልጋ አውጥቶ በሽርጥ ነው የሚያድረው። የጋሽ ንጉሤ በር ግን ዝግ ነበር። አቶ ታፈሰ ገና አንድ ጊዜ ሲያንኳኩ ወዲያው ተከፈተ። ጋሽ ንጉሤ ረጅም ሱሪ፣ እጀ ሙሉ ሸሚዝ፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ ቆሟል። በዚያ ሙቀት ካልሲ! እጁ ላይ በፎጣ የተቋጠረ ነገር አለ፤ የሳሙናው ጫፍ ይታያል።

"ዝግጁ ነኝ" አለ።

ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። "ወላሂ ነፍሱ ነግራዋለች!" አለች እትዬ ዘሐራ።

"ንጉሤ ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉ አቶ ታፈሰ።

"ቆሜ ልስማው።"

"ሰው የሆነ ሁሉ የሚደርስበት ነው። በርታ።"

"በርትቻለሁ። ሌላ ሰው ግን አልነካችሁም አይደል?" ይህን ሲል ዓይኑ በሰው መሀል እኔን ይፈልጋል።

"ሌላ ሰው የለም። ብቻውን ነበር።"

"ማን ነው ብቻውን?"

"ዓለማየሁ።"

"የቱ ዓለማየሁ?"

"ወንድምህ ነዋ፣ የኔ ልጅ። የዶቢን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት..." አቶ ታፈሰ ድምፃቸው ተሰበረ። "አርፏል።"

ጋሽ ንጉሤ አቶ ታፈሰን አየ። እኔን አየኝ። እኔ የእማዬ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ቋጠሮው ወደቀ፤ ሳሙናው ተንከባሎ የአቶ ታፈሰ እግር ሥር ደረሰ።

"ፍሬን! ፍሬን እምቢ አለው?" ይላል እየሳቀ።

"አዎ ልጄ።"

"ሎሚውስ? ሎሚውን ነገሯችሁ?"

"አበደ! ውሃ አምጡ!" ብላ እትዬ ዘሐራ አንድ ጣሳ ውሃ ፊቱ ላይ ቸለሰችበት። አራት ወንዶች ያዙት። ሳቁ ቀስ እያለ ሄዶ ሄዶ ለቅሶ ሆነ። የእውነት ለቅሶ ነው፣ ሳግ ያለው። ብዙ ቆይቶ "ጽፌው አላመንኩትም ነበር፤ አቶ ታፈሰ ሲነግሩኝ አመንኩ" ብሎኛል።

ትንሽ ሲረጋጋ እጁን አነሳ። "ስሙኝ" አለ። "ስሙኝማ፣ ይኼ ሰው..." ሊናገር ነበር፤ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን እማዬ "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ዓለማየሁን አይደለም፣ የራሷን አባት ነው። አያቴ ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ሲና ላይ ሲሞቱ ደብዳቤው የደረሳት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነበር። አልቀበረቻቸውም፣ ፊታቸውን አላየችም፣ ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጠችም። አሁን በሰው ወንድም አሳብባ አወጣችው። ከእሷ ቀጥሎ አንዱ እናቱን፣ ሌላዋ ልጇን እየጠሩ ግቢው ተናጠ። ጋሽ ንጉሤ ዞር ዞር ብሎ አያቸው። አፉን ዘጋ፤ ሄዶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ሦስት ቀን ተቀመጠ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሰዉ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ንፍሮ እየቆረጠመ ስለ ሟቹ ይጠይቃል፤ ወጉ ነውና። መጀመሪያ የጠየቀችው እማዬ ናት። "ከመሞቱ በፊት እህል ቀምሶ ነበር?"

ጋሽ ንጉሤ ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር በራ። "ሩዝ በፍየል ሥጋ" አለ። "ሎሚ ጨምሩልኝ ብሎ ነበር።"

"ውይ! ሎሚ!" አለች እትዬ ዘሐራ፤ ለቅሶው እንደገና ተነሳ።

ከዚያ በኋላ አላቆመም። ዓለማየሁ መኪና ሲለምድ፣ ሙሉን መጀመሪያ ሲያያት፣ ጥሩምባውን ሲነፋላት። ጠዋት የመጡት ከሰዓትም ይመጣሉ፤ የሌላ ሰፈር ሰው ተጨመረ። ሰዉ ያዛጋ እንደሆነ ጋሽ ንጉሤ ያን ክፍል ያሳጥረዋል። ጠጋ ጠጋ ካሉ ያስረዝመዋል። ሁለተኛው ቀን ላይ እትዬ ዘሐራ "ልጅቷ ግን ስለምን እሺ አለችው? እኔ ብሆን በጥሩምባ እሺ አልልም" ብላ አፋጠጠችው። ስድስት ዓመት የጻፈው ውስጥ ይህ የለም። ጋሽ ንጉሤ ቀስ ብሎ "አንድ ቀን ጥሩምባ ሳይነፋ አለፈ። በማግስቱ መንገድ ላይ ወጥታ ቆማ ጠበቀችው" አለ። ድንኳኑ ሙሉ "እህ!" አለ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ተክሌ የሚባል ሹፌር ከመንገድ እንደገባ፣ አቧራውን ሳያራግፍ መጣ። ተክሌ በዚያ መስመር የማያውቀው ሹፌር የለም። ጋሽ ንጉሤ ግን መልኩ ተለወጠ።

"ዓለማየሁ!" አለ ተክሌ ራሱን እየነቀነቀ። "አውቀዋለሁ እንጂ! ሚሌ አብረን ምሳ በልተናል። ጥርሱ ፍንጭት፣ ሳቂታ። ምን ያለ ልጅ መሰላችሁ!" ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ጋሽ ንጉሤ አፉን ከፍቶ አየው። "ፍንጭት ነበር?" አለ።

"ወንድምህ አይደለም እንዴ? ረሳኸው?"

"ከኀዘኑ ነው" አሉ አቶ ታፈሰ።

ማታውን ድንኳኑ ሲፈርስ ጋሽ ንጉሤ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ይገርፈኛል ብዬ ነበር። "ትርሲት፣ ዓለማየሁ የሚባል ወንድም የለኝም" አለኝ። "ከራሴ ነው ያመጣሁት።"

"ተክሌ ግን ያውቀዋል።"

"እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው" አለ። ከዚያ "በይ ወረቀቱን አምጪው። ማንም አልጠረጠረም፤ ተርፈናል" ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጆንያው ተጣጥፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ የእድሩ ትልልቅ ድስቶች ታጥበው ተደፍተዋል። ላምባ ምድጃ ለሰማንያ ሰው ምስር ወጥ እንደማያበስል አላሰብኩም ነበር።

"እማዬ፣ ከሰሉ ውስጥ የነበረው ወረቀትስ?"

"ያ የመጋዘን ቅጽ? እግዜር ይስጠው ያስቀመጠው ሰው፤ እንደ ቤንዚን ነው የሚቀጣጠለው። ሦስት ቀን ሙሉ እሳት አላስቸገረኝም።"

እንዴት ብዬ እንደነገርኩት አላስታውስም። ጋሽ ንጉሤ ሰምቶኝ ሲያበቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አውልቆ እግሩን ባዶ ባልዲ ውስጥ ከተተ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ለወረቀቱ ነው፣ ለእሱም ነው።

በመጨረሻ "ምስሩን በላሁት እኮ" አለ። "ጣፋጭ ነበር።"

ሳልስቅ ቀረሁ። እሱም አልሳቀም።

"ምን ምን ታስታውሻለሽ?" አለኝ ቆይቶ።

እንባዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ዓለማየሁ አንድ ቀን ጥሩምባ ሳይነፋ አለፈ፤ በማግስቱ ሙሉ መንገድ ላይ ወጥታ ቆማ ጠበቀችው።

"ይኼን አልጻፍኩትም።"

"ለእትዬ ዘሐራ የነገርካት ነው።"

"ቀጥዪ።" ቀጠልኩ። ያስታወስኩት ሁሉ ድንኳን ውስጥ የተወራው ነው፤ ሰው ያዛጋበት አንዱም ትዝ አላለኝም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። "ከተቃጠለው ይሻላል" አለ፤ ሲለውም አሞት እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደ። ከመሳቢያው ንጹህ ቅጾች አወጣ፤ "ባልዲውን ሙዪልኝ" አለኝ።

ውሃውን አምጥቼ ብዕሬን ስይዝ አንድ ተስፋ ታየኝ። ሁሉም ነገር ከአዲስ ነው።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ገና እየጀመርን አይደል? ኤሊዳር ላይ ፍሬኑን እናሠራለት።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እማዬ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች የእድሩን ምንጣፎች ታራግፋለች። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀሏት አይቻት አላውቅም።

"እናትሽ ያለቀሰችለትን ሰው በምን ሥልጣን ላስነሳው?" አለኝ። "ከእንግዲህ የእኔ ብቻ አይደለም።"

እግሩን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከረና ጉሮሮውን ጠረገ።

"በይ ጻፊ። ወንድሜ ዓለማየሁ ጥርሱ ፍንጭት ነበር።"